ኮቱ ልክክ ብሏል

ኅዳር 14

አባዬ፣

ከሁሉ በፊት ጉልበትህ እንዴት ነው? በስልክ ስጠይቅህ «ደህና ነው» ትልና ወዲያው ለእህትህ ለእትዬ ታቀብላታለህ። ስልክ ላይ ጆሮህ ግማሹን እንደሚውጠው እሷ ነግራኛለች። እንግዲያው በወረቀት ተያዝክ፤ ከዚህ ማምለጥ የለም። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱም ትምህርቱም እንደምንም ይገፋል።

ለጠየቅከኝ፣ አይ፣ ገና አልተቀጠርኩም። ኢንተርንሺፕ ማለት የሥራ ልምምድ ነው። ሦስተኛ ዓመት ስንጨርስ በክረምቱ አንድ መሥሪያ ቤት ገብተን የተማርነውን ሒሳብ በእጃችን መሥራት አለብን፤ ያላደረገ በሚቀጥለው ዓመት ከጓደኞቹ ጋር አይመረቅም። ቦታ የምንፈልገው ደግሞ ራሳችን ነን። ዘንድሮ ሁሉም ዓይኑን የጣለው አንድ የኦዲት ቢሮ ላይ ነው፤ የሌሎች ድርጅቶችን ሒሳብ እየዞሩ የሚመረምሩ ናቸው። የሚወስዱት አንድ ተማሪ ብቻ ነው፤ በደንብ የሠራውን ግን ሲመረቅ እዚያው ያስቀሩታል ይባላል። መጀመሪያ የጽሑፍ ፈተና አለ፣ ከዚያ ቃለ መጠይቅ። ክፍላችን በሙሉ ተመዝግቧል፤ አንድ ክፍል የምንኖረው ደወልም ጭምር። ስሟ እንዳይመስልህ፣ ስትስቅ ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ግቢው በር ስለምትሰማ ነው ደወል የምንላት።

ለቃለ መጠይቁ ኮት ግድ ነው ተብለናል። ልክሽን ላኪ ስላልከኝ ደወል በሜትር ለክታኛለች፤ ትከሻውም ደረቱም እጅጌውም በሌላው ወረቀት ላይ አለልህ። ኮቱን ስትልክ እሽጉ እንዳይጠፋ የወረቀቱ ጀርባ ላይ አድራሻዬን ጽፌበታለሁ። ስትለካኝ እየሳቀች ስለነበር የእጅጌው ቁጥር ተንቀጥቅጧል፤ አንተ ታስተካክለዋለህ።

እትዬን ሳምልኝ።

ልጅህ


ታኅሣሥ 3

ለልጄ፣ ለሒሳቧ ሹም፣

ደብዳቤሽን ሱቁ በር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ጉልበቴን ጠይቀሻል፤ ተጣልተን ነበር፣ አሁን እንነጋገራለን።

ልክሽን ስለላክሽ እግዜር ይስጥልኝ፤ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ላኪ ያልኩሽ ለወጉ ነው። የአንቺን ልክ ለእኔ ማን ይነግረኛል? እናትሽ ካረፈች ወዲህ ከአንገትሽ እስከ ቁርጭምጭሚትሽ ያለበስኩሽ እኔ አይደለሁም? የትምህርት ቤት ልብስሽን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምቆርጠው። ወረቀቱን አንድ ቦታ አስቀምጬዋለሁ፤ የት እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ አያስፈልገኝም። ጨርቁ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ገበሩ ያ የምትወጂው ግራጫ። በውስጥ በኩል የእርሳስ ኪስ አደርግልሻለሁ፤ እርሳስሽን እየጣልሽ ስታለቅሺ አልወድም።

አንድ ነገር ልምከርሽ። ሰው ሱቄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው ትከሻውን ነው። ጠያቂዎቹም ቢሆኑ ሰው ናቸው፣ ያንኑ ነው የሚያዩት። ኮት የሚያምረው የለበሰው ሰው ቀና ሲል ነው፤ ቀና በይ።

አክስትሽ ሰላም ትልሻለች። ሰሞኑን ሐኪም ቤት እንሂድ እያለች ትነዘንዘኛለች፤ ለምን ብለሽ ብትጠይቂኝ አልነግርሽም። ሴት ልጅ ስታረጅ ሐኪም መውደድ ትጀምራለች በዪው። አንድ ደንበኛም በሱሪ እግር ምክንያት ጨቅጭቆኝ ሄዷል። የእሱን ወሬ ሌላ ጊዜ።

አባትሽ


ጥር 11

አባዬ፣

እሽጉ በደህና ደረሰ። እጅህን እስማለሁ። ኮቱ ልክክ ብሏል፤ ትከሻው ላይማ የተቀባ ነው የሚመስለው። ደወል ገና ስታየው «አባትሽ ሰው ሳይሆን መልአክ ነው» አለች። የእርሳስ ኪሱንም አገኘሁት።

እሽጉ ውስጥ ባስገባሃት ቁራጭ ወረቀት እጅጌው አላጠረም ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አላጠረም፤ ምንም አልጎደለውም። ለብሼው የተነሳሁትን ፎቶ እንድልክልህም ጽፈሃል፤ ፎቶ ቤቱ ሰሞኑን ተዘግቷል፣ እሱ ሲከፈት ደግሞ ፈተና ይመጣል። ኮቱን እንዳላቆሽሸው ለዚያ ቀን ሰቅዬ አስቀምጬዋለሁ። ስለ ኮቱ ሁለተኛ እንዳታስብ።

የጽሑፉን ፈተና አልፌያለሁ። ለቃለ መጠይቅ የተጠራነው ጥቂት ነን፤ ደወልም አለችበት። አልጋ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን እንጠያየቃለን፤ ስትሳሳት አርማታለሁ፣ ስሳሳት ታርመኛለች። ከዚያ ቦታው አንድ ብቻ መሆኑ ትዝ ይለንና ሁለታችንም ወደየደብተራችን እንመለሳለን።

ስለ ሱሪው ሰውዬ ሳትነግረኝ ቀረህ። ሐኪም ቤቱስ ከምን ደረሰ?

ልጅህ


ጥር 28

ለልጄ፣

እንኳን ጻፍሽልኝ። ደብዳቤሽ የመጣ ቀን ለአክስትሽ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ልክክ ብሏል፣ ምንም አልጎደለውም» የሚለው ላይ ስደርስ መልሼ አነበብኩት፤ እንደገናም መለስኩት። ሰው አንዳንዴ በገዛ እጁ ላይ ጥርጣሬ ይገባዋል፤ ዕድሜ ነው ያው። አሁን ጥርጣሬው ወጣልኝ፣ ሐኪም ቤት የሚባለውም ነገር ቀረ። አክስትሽ አፏን ይዛ ተቀመጠች።

ያ የሱሪው ሰውዬ ተመልሶ መጥቶ ነበር፤ አንዱ እግር ከአንዱ ያጥራል ባይ ነው። ደብዳቤሽን አውጥቼ አነበብኩለት። ለልጁ በሩቅ ሳይለካ ልክክ አድርጎ የሰፋ ሰው አንተን ፊት ለፊት ለክቶ ይሳሳታል ወይ አልኩት። ምን ይመልሳል፣ ሱሪውን አንጠልጥሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤሽን ከመቀሱ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ፤ ነገር የሚፈልግ ሲመጣ እዚያው ነው።

ትናንት አንዲት ደንበኛ ልጅህ ስንተኛ ክፍል ደረሰች ብትለኝ ጠፋብኝና ሳቅኩ። አንቺው ጻፊልኝ።

በርቺ እናቴ። ብርድ እንዳይመታሽ። መንገድ ስትሻገሪ የአክስትሽን እጅ እንዳትለቂ።

አባትሽ


የካቲት 24

አባዬ፣

ይህን ቁጭ ብለህ አንብበው። ማንም አልሞተም፤ እኔም ደህና ነኝ። የምጽፍልህ ስለ ኮቱ ነው።

ቃለ መጠይቁ ሰኞ ነበር፤ የደወል ጠዋት፣ የእኔ ከምሳ በኋላ። አንድ ቡናማ ኮት አለቻት፣ የታላቅ እህቷ የነበረ። ጠዋት እሷ ለብሳው ገባች። የእኔ ተራ ሲደርስ መጸዳጃ ቤት ውስጥ አውልቃ ሰጠችኝና እኔ ለብሼው ገባሁ፤ ገበሩ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። ጠያቂዎቹ ሦስት ናቸው። መሃል የተቀመጠችው ኃላፊዋ፣ መነጽሯን በአንገቷ ያንጠለጠለች ትልቅ ሴትዮ፣ ከፊቴ ቀድማ ያየችው ቁልፉን ነው። ቡናማው ኮት ላይ አንዱ ቁልፍ በነጭ ክር ተተክሏል። ይህ ኮት ጠዋትም እዚህ መጥቶ ነበር አለችኝ። ሁለቱ ሳቁ፣ እሷ አልሳቀችም። የራስሽ የለሽም ወይ አለች። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፣ ሰፍቶልኝ ነበር፣ ግን ልኬ አልሆነም አልኳት። ነገርሽው? አለች። ልክክ ብሏል ብዬ ጻፍኩለት አልኩ።

«ስህተቱን በዓይንሽ አይተሽ ትክክል ነው ብለሽ ፈረምሽለት ማለት ነው» አለች።

«አዎ» አልኩ።

«በቃልሽ ተማምኖ ምን እንደሚያደርግስ አሰብሽበት?»

ቁልፉን በእጄ ሸፈንኩት። ከዚያ በኋላ ስለ ሒሳብ ብዙ ጠየቁኝ፤ የመለስኩላቸውን አሁን ድረስ በቅጡ አላስታውስም። ውጤቱ ገና ነው።

እውነቱ እንዲህ ነው፣ አባዬ። እጅጌው ክርኔን አያልፍም፤ ትከሻው ጭራሽ አልገባልኝም። አራተኛ ክፍል ሳለሁ የነበረኝ ልክ ነው። ደወልም መልአክ አላለችህም። ኮቱን አልጋው ላይ ዘርግታ ዝም ነው ያለችው፤ ደወል ዝም ስትል ደግሞ ነገር አለ ማለት ነው። እኔ ቅር እንዳይልህ ብዬ ዋሸሁህ። እጅግ አዝኛለሁ።

መንገድ ስትሻገሪ የአክስትሽን እጅ እንዳትለቂ ብለህ ስትጽፍልኝ ቀልደህ መስሎኝ ስቄ ነበር። እትዬ ያለችው አንተ ዘንድ ነው። ዛሬ መልሼ ሳነበው ሳቁ ጠፋ። ምን ሆነሃል? ሐኪም ቤት እንሂድ የምትልህ ለምንድን ነው? እባክህ አትደብቀኝ፤ እኔም ከእንግዲህ አልደብቅህም።

ልጅህ


መጋቢት 15

ልጄ፣

ቁጭ ብለህ አንብበው ስላልሽኝ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። በመጀመሪያ፣ አልተቀየምኩሽም። እጅጌው አላጠረም ወይ ብዬ የጠየቅኩሽ ለምን ይመስልሻል? ጠርጥሬ ነበር። አላጠረም እንድትዪኝ ፈልጌ ነው የጠየቅኩሽ፤ አንቺም የፈለግኩትን ሰጠሽኝ። ጥፋቱ የሁለታችን ነው፣ እኩል እንካፈለው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ የለ፣ ከአክስትሽ ጋር ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ቀኑን ጠየቀኝ፣ ወሩን ጠየቀኝ፣ ወረቀት ላይ የሰዓት ሥዕል ሳል አለኝ። ሦስት ቃል ነግሮኝ ቆየና መልሰህ ንገረኝ አለኝ። አንዱ መርፌ ነበር፣ እሱን ያዝኩት፤ ሌሎቹ የሉም። እንግዲህ ዘንድሮ አንቺም ተፈተንሽ፣ እኔም ተፈተንኩ። ያንቺ ውጤት ገና ነው፣ የእኔ መጥቷል። እየባሰ ይሄዳል እንጂ አይመለስም ብሎኛል። እንዲህ ብዬ በእጄ የምጽፍልሽ ዛሬ ደህና ቀኔ ስለሆነ ነው።

ኮቱን ስቆርጥ አንቺን እያየሁ ነበር። እጅሽን ዘርግተሽ ፊቴ ቆመሽ ነበር፤ ሜትሩ ሲነካሽ ትስቂያለሽ። ያየሁት ትንሿን ነው። ትልቋ ሁልጊዜ አትመጣልኝም፤ ስጠራት የምትመጣው ትንሿ ናት። ይህ ነው የሚያስፈራኝ፣ ሌላው ሌላው ግድ የለም።

እመጣለሁ እንዳትዪ። ያን ቦታ ካገኘሽ ያዢው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ተንበርክኬ የሰው ሱሪ ስለካ ኖሬያለሁ፤ አንቺ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ መሥራትሽን ልስማ። ሱቁን ዘግተነዋል።

አባትሽ

ልጄ፣ እኔ እትዬሽ ነኝ፤ ፖስታውን ከማሸጌ በፊት ሳያየኝ የምጨምረው ነው። ያ ደብዳቤሽ ከመጣ ወዲህ ሐኪም ቤት እንሂድ ብለው አይሰማም ነበር። ቅሬታ ይዞ የመጣውን ሁሉ ደብዳቤሽን እያነበበ መለሰው። የአንድ ሙሽራ ሱፍ ተበላሽቶ ልጁ በወንድሙ ልብስ ተዳረ። ከዚያ ወዲያ ሱቁን የሚረግጥ ጠፋ። ልወቅስሽ አይደለም፤ እኔም ብሆን ያንኑ እጽፍለት ነበር። አትምጪ የሚለውን ግን አትስሚው። ነገሩ ቀስ እያለ አይደለም የሚሄደው።


ግንቦት 6

አባዬ፣

ተቀበሉኝ። ከሁሉ አስቀድሜ ለአንተ ነው የምጽፈው።

የደወለችልኝ ኃላፊዋ ራሷ ናት። ለምን እኔን እንደመረጡ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ለአባትሽ እውነቱን ነገርሽው? አለችኝ። ጽፌለታለሁ አልኳት። ምን አለ? አለች። ጥፋቱን እኩል እንካፈል አለኝ ስላት ስለ መታወቂያና ስለ መግቢያ ሰዓት ማውራት ጀመረች።

ደወል ሁለተኛ ወጥታ ተጠባባቂ ሆናለች። እኔ በመጀመሪያው ቀን ካልተገኘሁ ቦታው የእሷ ነው። ስነግራት አቅፋኝ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቴን ልታጠብ ብላ ወጥታ ብዙ ቆየች። እሷም ሌላ ቦታ አላገኘችም፤ ለልምምድ የሚቀበሉት ቢሮዎች ሁሉ ሞልተዋል።

ፈተናችን በሰኔ ማለቂያ ይጠናቀቃል፤ ሥራው በሚቀጥለው ሰኞ ይጀምራል። በመሃል መጥቼ ልመለስ ብል ጊዜው ለመንገዱ እንኳ አይበቃም። እትዬ የምትለኝን እኔና እሷ እናውቃለን፤ አንተ የምትለውን ግን አንተ ነህ ያልከው። ቃልህን ሰምቼ እገባለሁ፤ ክረምቱ እንዳለቀ እመጣለሁ። እስከዚያ ድረስ ትልቋን ጠብቃት፣ አባዬ። በየቀኑ አንድ ጊዜ ጥራት፤ እትዬ ታስታውስሃለች።

በዚህ ወር አልጻፍክልኝም። እጅህን ደክሞህ ነው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

ልጅህ


ሰኔ 12

ለክብርት ደንበኛዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ መዘግየቴ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የእርስዎን ልክ የያዘ ወረቀት በስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ አገኘሁ። ማን እንደሰጠኝ አላስታውስም፤ አድራሻዎ ግን ጀርባው ላይ ስላለ ነው የምጽፍልዎት። ልክ ተቀብሎ ልብሱን አለመስፋት በእኔ ቤት አልተለመደም። ስለዚህ ኮትዎን ሰፍቻለሁ። ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ገበሩ ግራጫ። እህቴ ሱቁ ተዘግቷል ብላ ተቆጥታኝ ነበር፤ ወረቀቱን ስታይ ግን ቁጣውን ተወችው። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እያነበበችልኝ ነው የቆረጥኩት። አሥር ጊዜ ለክቼ አንዴ ቆረጥኩ፤ በዚህ ኮት እንኳ ማንም ስህተት አያገኝብኝም።

የእጅጌው ቁጥር ብቻ ተንቀጥቅጧል፣ ሁለት ዓይነት ይነበባል። ስለዚህ እጅጌውን በስስ ክር ይዤዋለሁ፤ መጥተው ሳይለኩት አልጨርሰውም። ቶሎ ቢመጡ ደስ ይለኛል። አንዳንድ ቀን እጄ ያውቃል፣ አንዳንድ ቀን አያውቅም።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ክረምት ሲገባ ልጄ ትመጣለች። ትንሽ ናት፣ ትምህርት ላይ ናት፤ ሒሳብ የሚችላት የለም፣ እርሳስ ግን ትጥላለች። እሷ ከመምጣቷ በፊት የሰው አደራ ጨርሼ መቀሱን ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። ስሳሳት እንድታየኝ አልፈልግም።

ይህን ስጽፍ እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ምን ሆንሽ ብላት አልነገረችኝም።

አክባሪዎ፣ ልብስ ሰፊው


ሰኔ 29

ለተከበሩ ልብስ ሰፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለ መዘግየት ይቅርታ አይጠይቁኝ፤ የዘገየሁት እኔ ነኝ።

ትናንት የመጨረሻ ፈተናዬን ጨረስኩ፤ ነገ መንገድ እጀምራለሁ። ሰኞ አንድ ቢሮ ሥራ ልጀምር ነበር። እንዲጠብቁኝ ለመንኳቸው፣ አይሆንም አሉ፤ እነሱም እውነት አላቸው። ቦታውን ጓደኛዬ ትይዘዋለች። ኮቷን ታበድረኝ ነበር፣ አሁን ለብሳው የምትገባው ራሷ ናት። ስነግራት እንደ ልማዷ ትስቃለች ብዬ ነበር፤ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከክፍል ጓደኞቼ ጋር መመረቄ ቀረ፤ ከርሞ እንደገና እፈልጋለሁ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ መሥራቴን ለመስማት አጥብቆ የሚፈልግ አንድ ሰው ነበረኝ፤ ቢያውቅ ይቆጣኝ ነበር።

እጅጌው ላይ ቁጥሩ የተንቀጠቀጠው የለካችኝ ልጅ እየሳቀች ስለነበር ነው። እርስዎ እንደሚያስተካክሉት አውቅ ነበር። ሳልለካው እንዳይጨርሱት፤ ደህና ቀንዎ እስኪሆን እዚያው እቆያለሁ፣ አልቸኩልም።

ስለ ልጅዎ የጻፉልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ሲሳሳቱ ብታይዎት የምትቀየም ልጅ አትመስለኝም። ስመጣ ቀና ብዬ እቆምልዎታለሁ፤ እየለኩኝ ስለ እሷ ይነግሩኛል፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ የሚያስታውሱትን ሁሉ። እህትዎን ስለ እኔ ይሳሙልኝ፤ እንዳታለቅስ ይንገሯት።

ኮቱ ልክክ ካለ እነግርዎታለሁ። ካላለም እነግርዎታለሁ።

ደንበኛዎ